በመለኪያ መመሪያ ላይ የተገኘ ግድፈት

ወዳጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ላፕቶፖቻችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። ዛሬ አብረን የምንሠራው የፊደል ግድፈት እርማት ነው። የምናርመውም የማከማቻ ፍጥነት የሚለካውን፣ ፊዮ የሚባለውን ፕሮግራም ሰነድ ነው። «ለዚህ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። እኔ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ።

በራሴ ላይ ከደረሰው ልነሳ። ከዓመታት በፊት አዲስ የመጡ ኤስኤስዲዎችን፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌላቸውን ፈጣን ዲስኮች፣ እንድፈትሽ ተሰጠኝ። የምንለካበት የራሳችን ስክሪፕት ነበረን። አብሮት ሁለት ገጽ መመሪያ አለ። ለካሁ፤ የምላሽ ጊዜው 180 መጣ። መመሪያውን ሳይ «በሚሊሰከንድ» ይላል። ደነገጥኩ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንኳ አንድ ቦታ ፈልጎ ለማንበብ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ኤስኤስዲ 180 ከፈጀበት አንድ ችግር አለ ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ቀየርኩ፣ ድራይቨር ፈተሽኩ፣ ማሽን አቀያየርኩ። ዕቃው እንዲመለስ ደብዳቤ ሁሉ ተጽፎ ነበር። በመጨረሻ የስክሪፕቱን ኮድ ከፍቼ አየሁት። ቁጥሩ የሚወጣው በማይክሮሰከንድ ነው። ዲስኮቹ ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ጥሩ ነበሩ። ማይክሮና ሚሊ በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ሲጻፉ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ያቺ ፊደል ተሳስታ 1000 እጥፍ አሳሳተችን።

ፊዮን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጻፈው የንስ አክስቦ ነው፤ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ የዲስክ ሥራ የሚያልፍበትን ክፍል የሚጠብቀው ሰው። አንድ ዓይነት ጫና ለመፈተሽ በፈለገ ቁጥር አዲስ ፕሮግራም መጻፉ ስላታከተው ነው ፊዮን የሠራው። ስለዚህ ፊዮ ሁሉን እንዲችል ተደርጎ ተሠራ። ማንበብ ወይስ መጻፍ? በቅደም ተከተል ወይስ በዘፈቀደ? በስንት ባይት ቁራጭ? ለስንት ሰከንድ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ኦፕሽን፣ ማለትም እኛ የምንሞላው ምርጫ፣ አለው። ያን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ ሰው አላየሁም። ሁላችንም ሰነዱን ከፍተን፣ ምሳሌውን ገልብጠን፣ ቁጥሩን ቀይረን ነው የምናስኬደው። እንግዲህ ሰነዱ ከተሳሳተ ልኬቱም አብሮ ይሳሳታል።

ግድፈት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። የኦፕሽኑ ስም ራሱ በምሳሌው ላይ ተሳስቶ ቢጻፍ ጉዳቱ ቀላል ነው። ፊዮ «ይህን አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። አንባቢው ይናደዳል፣ ይፈልጋል፣ ያገኘዋል። የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። «ዳይሬክት» የሚባለውን ኦፕሽን ውሰዱ። እሴቱ 1 ሲሆን ፊዮ የስርዓተ ክወናውን መሸጎጫ (ራም ላይ የሚይዘውን ጊዜያዊ ቅጂ) አልፎ ዲስኩን ራሱን ይጠይቃል። ምሳሌው ላይ በ1 ፈንታ 0 ቢጻፍ ትዕዛዙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል። የምትለኩት ግን ዲስኩን ላይሆን ይችላል፤ በአመዛኙ ራሙን ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ያምራል። ሰውም ያን አምኖ ዕቃ ይገዛል።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ፊዮ በአንዴ ስንት ጥያቄ ወደ ዲስኩ እንደሚልክ የምትወስኑበት ኦፕሽን አለው። ጥያቄ ልኮ መልሱ እስኪመጣ ቆሞ በሚጠብቅ ዘዴ ከለካችሁ ግን፣ ቁጥሩን ከ1 ወደ 32 ብታሳድጉትም ለውጥ አያመጣም። ሰነዱ ይህን ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው የቆመው «ኖት» (not) በምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ተሳስታ «ናው» (now) ብትሆንስ? «አያመጣም» የነበረው «አሁን ያመጣል» ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያው ቀይ መስመር አያሰምርበትም። የእኛው ፊደልም ይህን ያውቀዋል። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ መውጣቷ ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌብነት ነው።

ማሽን አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ኮድስፔል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዛሬም እንጠቀምበታለን። ደስ የሚለኝ አሠራሩ ነው። ያላወቀውን ቃል ሁሉ ስህተት አይልም። ሰዎች ደጋግመው የሚስቷቸውን ቃላት ዝርዝር ይዞ እነሱን ብቻ ይፈልጋል። ስለዚህ እንግዳ የሆኑ የኦፕሽን ስሞችን አይነካካም። የሊኑክስ ከርነልም ለዚሁ ሥራ የራሱ የግድፈት ዝርዝር አለው። ማሽኑ ያልለቀመውን ግን ዓይናችን መልቀም አለበት።

አሁን አደራ ወደምለው ነገር ልምጣ። የተሳሳተ የሚመስል ሁሉ ስህተት አይደለም። ፊዮ ላይ መጠን ስትሰጡ 4 ኬ ካላችሁ 4096 ባይት ነው። ከኬ ቀጥሎ አይ የምትለዋን ፊደል ከጨመራችሁ 4000 ባይት ይሆናል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚለው፦ ኬ ብቻዋን 1000፣ ከአይ ጋር 1024። ይህን ያየ ትጉህ ጀማሪ «አገኘሁ!» ብሎ ሊያርም ይነሳል። እንዳትነኩት። ሰነዱ የጻፈው ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ነው። የቆዩ ስክሪፕቶች እንዳይበላሹ ሲባል ሆን ተብሎ እንደዚያ ቀርቷል። ደረጃውን መከተል የፈለገ የሚቀይርበት ኦፕሽንም ተሰጥቶታል። ያን መስመር «ብታርሙት» ትክክል የነበረውን ሰነድ ሐሰተኛ አደረጋችሁት።

ከፊዮ ውጭም እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል። ብራውዘርና ድረ ገጽ የሚነጋገሩበትን ደንብ የያዘው፣ በ1996 የወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ፣ አንባቢው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገረውን መስመር ስም አንድ አር ገድፎ ጻፈው። ብራውዘሮች እስከ ዛሬ በዚያው አጻጻፍ ይልኩታል። ዩኒክስ በሚባለው የቆየ ስርዓተ ክወና ላይ ፋይል የሚፈጥረው ጥሪ ስሙ መጨረሻ ላይ ኢ ጎድሎታል፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስን እንደገና ቢሠራው ምን እንደሚቀይር ሲጠየቅ ያቺን ኢ እንደሚጨምር ተናግሯል። እነዚህ አንዴ ስም ከሆኑ በኋላ ስም ናቸው። ስለዚህ ከማረማችሁ በፊት ቃሉን ኮዱ ውስጥ ፈልጉት። ኮዱ የሚያውቀው ስም ከሆነ ተዉት።

የአሠራሩን ነገር ባጭሩ ልበል። የፊዮ ማብራሪያ በሁለት ቦታ ይኖራል፤ አንዱ ረጅሙ መመሪያ፣ ሌላው ተርሚናል ላይ የሚነበበው፣ «ማን» (man) የሚባለው ገጽ። ብዙው ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ላይ ስላለ አንዱን አርማችሁ ሌላውን እንዳትረሱ። የፊደል እርማትንና የትርጉም ለውጥን በአንድ ፓች (ለፕሮጀክቱ በምትልኩት የለውጥ ፋይል) አትቀላቅሉ። ትርጉም የሚነካውን የሚመረምረው ሰው ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌላውን በአንድ እይታ ያሳልፈዋል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ ይዛችሁም አትላኩ፤ የአንዱን ፋይል አሰባስቡ። ፕሮጀክቱን የሚጠብቁት ሰዎች ጊዜያቸው ውድ ነው።

«ፊደል ማረም እኮ ስም ለማስመዝገብ ነው» የሚል ወሬ እሰማለሁ። አልቀበለውም። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው የተሳሳተውን ቃል ሳያስተውለው ገምቶ ያልፋል። እኛ በሁለተኛ ቋንቋ የምናነበው ግን እዚያ ላይ እንቆማለን። ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ እንፈልጋለን፣ እናጣዋለን፣ የማናውቀው ሙያዊ ቃል ይመስለናል። በዚህ ያጠፋሁት ሰዓት ያንገበግበኛል። እዚህ ክፍል ውስጥም ብዙዎቻችሁ ያ ነገር እንደደረሰባችሁ እገምታለሁ። ያን ስህተት ከማንም ቀድሞ የሚያየው እዚያ ላይ የተደናቀፈው ሰው ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከእኛ የተሻለ የለም።

በሉ፣ ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌላው በዓይኑ ይከተል። የምንጀምረው ፊዮ ውጤቱን እንዴት እንደሚያትም ከሚያብራራው ክፍል ነው፤ ናኖ፣ ማይክሮና ሚሊ ጎን ለጎን የተደረደሩት እዚያ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ እኔ አነባለሁ።