የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዚንክ፣ አይረንና ደማችን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረን ታዞልኛል፣ ከቡና ጋር ብወስደው ችግር አለው?

አለው። ቡናም ሻይም አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል። ክኒኑን በውሃ ውሰጂ፣ ቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ደሞ አደራ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪው፣ ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ህፃን ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ለኢሚዩኒቲ ብዬ 50 ሚሊግራም ዚንክ በቀን ሁለቴ እወስዳለሁ። አሁን ይደክመኛል፣ እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ደም ማነስ ተብሎ አይረን ብወስድም አልተሻለኝም።

ወንድሜ እንኳን ደወልክ። ይሄን ጉዳይ በየጊዜው እየደጋገምኩ ነው የምናገረው፣ ዛሬም እደግመዋለሁ፦ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ክኒን አትዋጡ፣ ከገዛችሁም ጀርባውን አንብቡ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ዚንክ ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ነው፣ ከ40 በላይ መውሰድ ሐኪም ካላዘዘ አይመከርም፣ አንተ 100 እየዋጥክ ነው ያውም ለአመታት! ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች መዳብ፣ ማለትም ኮፐር የሚባለውን ለሰውነት በጥቂቱ የሚያስፈልግ ማዕድን፣ የሚይዝ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ፣ መዳቡ እዛው ተይዞ ይቀርና ሴሉ ሲረግፍ አብሮ ከሰገራ ጋር ይወጣል። መዳብ ከሌለ ደሞ ሰውነት ያለውን አይረን በደንብ አይጠቀምበትም፣ ለዛ ነው አይረን ብትውጥ ብትውጥ ደምህ የማይሞላው። ነጭ የደም ሴልም ይወርዳል። ህብለ ሰረሰርም ይጎዳል፣ እግር ይደነዝዛል ሰው ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው ተብሎ የሚታለፍ አለ፣ መቅኒ ተወስዶ ሲታይ ከባድ የመቅኒ በሽታ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ምክንያቱ ከታወቀ ደሙ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፣ ነርቩ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ዚንኩን ዛሬውኑ አቁም፣ ጠርሙሱን ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ፣ መዳብ፣ ዚንክና ቢ12 ይታዩልህ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሰው ሰራሽ ጥርስ አላት፣ ከአሜሪካ የሚላክላት ማጣበቂያ ክሬም ዚንክ አለው አሉኝ፣ እውነት ነው?

አንዳንዱ አለው፣ ጀርባውን አንብቢ። አንድ ቱቦ ለሳምንታት መብቃት ሲገባው በሳምንት ሁለት የሚጨርሱ ሰዎች መዳባቸው አልቆ በነርቭ ተጎድተዋል፣ ፖሊግሪፕ የተባለውን የጥርስ ማጣበቂያ የሚያመርተው ካምፓኒም በ2010 እ.ኤ.አ. ዚንክ ያለበትን ክሬም ማምረት አቁሟል። እናትሽ ብዙ ክሬም የሚፈልጉ ከሆነ ጥርሱ ሰፍቷል ማለት ነው፣ የጥርስ ሐኪም ያስተካክልላቸው።

ጥያቄ፦ ልጄን ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ ዚንክ ሰጡኝ፣ ላቁመው?

እንዳታቆሚ! እሱ መጠኑ ታውቆ ለጥቂት ቀናት የተሰጠ መድኃኒት ነው፣ በውሃ ከሚበጠበጠው ኦአርኤስ ጋር እስከ መጨረሻው ስጪው።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አፈር ብዪ ብዪ ይለኛል።

አይዞሽ ልጄ፣ ብዙ ጊዜ ከአይረን እጥረት ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። አፈሩን ግን አትብዪ፣ የባሰ አይረን ሊያሳጣሽ ይችላል፣ ከሱቅም ምንም ክኒን አትግዢ። ነገ ጠዋት የእርግዝና ክትትልሽ ጋ ሄደሽ ሳታፍሪ ንገሪያቸው፣ ደምሽን ይመርምሩሽ።