ጫማችንን በር ላይ አውልቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር አለፍኩ። የእረፍት ሰዓት ነበር። ከሞንታርቦው የአንዲት ልጅ ድምፅ ወጣ። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት...» ባለሁበት ቆምኩ። ያ ድምፅ የኔ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት።

የተማርኩት የካቶሊክ ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ሚኒ ሚዲያ ነበርኩ፣ ድራማ ክበብም ነበርኩ። ወንድ ልጅ የለም። ስለዚህ ሞንታርቦውን ከስቶር እስከ ባንዲራው ድረስ የምንሸከመው እኛ ነን። ሽቦ ሲበጠስ የምንቀጥለው እኛ ነን። «ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» የሚል ሰው አጠገባችን ስላልነበረ፣ እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው የሰማሁት።

ድራማውም እንደዚያው። ለወላጆች ቀን አንድ ዓመት አፄ ቴዎድሮስን ሠራን። ንጉሡን የሠራችው ልጅ ዊግ አላስፈለጋትም። እናቷ ቅዳሜ ማታ ሹሩባ ሠርታት መጣች፣ በቃ ቴዎድሮስ ሆነች። ጢሙን በኩል ሳልንላት። እኔ በሌላ ድራማ ዳኛ ነበርኩ፤ የአባቴን ካፖርት ለብሼ። እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍን ነበር። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ካፖርቱን ሲያይ የሳቀው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል።

ስለ ቻፕሉ ልንገራችሁ። ትንሽ ነው፤ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች፣ የእመቤታችን ሐውልት፣ ከፊት የማትጠፋ ቀይ መብራት። አብዛኞቻችን ኦርቶዶክስ ነበርን። መጀመሪያ ቀን ስገባ እግሬ ራሱ በር ላይ ቆመ። ጫማዬን አወለቅኩ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነው የሚገባው፣ ሌላ አላውቅም። ሲስተር አዩኝ። ምንም አላሉኝም። ጎንበስ ብለው ጫማዬን ከግድግዳው ጋር አስተካክለው አስቀመጡልኝ። በሳምንቱ እዚያ በር ላይ አሥር ጥንድ ጫማ ተደርድሮ ነበር።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ይገጥማል። ካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎት ወር የሚሉት የፈረንጆቹ ኦክቶበር በእኛ ዘመነ ጽጌ ላይ ይውላል። እነሱ መቁጠሪያ ይዘው ወደ እመቤታችን ይጸልያሉ፤ እኛም በየደብራችን ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም አድረን እንመጣለን። አንድ ሰሞን፣ አንዲት እናት። ይህን ያስተዋልኩት ቻፕል ውስጥ ተቀምጬ ነው፣ ደስታዬን ለማን እንደምነግር ጠፍቶኝ ነበር።

እናቴ ግን መድረክና ጸሎት አብረው አይሄዱም ትል ነበር። ያኔ መልስ አልነበረኝም። በኋላ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ታሪክ ሳነብ መልሱን አገኘሁ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በ1933 እ.ኤ.አ. ሲመለሱ የገቡት እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው፤ እቴጌይቱ ለሴት ልጆች ብለው ከከፈቱት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። ቆይተው ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በ2023 ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ መነኩሲትም ሙዚቀኛም ነበሩ። ለእናቴ ፒያኖውን አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «ይሄማ ጸሎት ነው» አለች።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልናገር። ወደ ብሔራዊ ፈተና ስንቃረብ የክበብ ሰዓታችን ተወሰደ። ለማጠናከሪያ ትምህርት ተባለ። ልክ አልነበረም፤ ዛሬም ልክ አይመስለኝም። ክፍላችን ውስጥ የምትንተባተብ ልጅ ነበረች። በሚኒ ሚዲያ ግጥም ስታነብ ግን አንዲት ቃል አትሰናከልባትም ነበር፤ የግጥሙ ምት ይዟት ይሄዳል። ግቢው ጸጥ ይልላታል። ክበቡ ሲዘጋ ያቺ አሥር ደቂቃዋ አብራ ተዘጋች። እስክንመረቅ ድረስ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። ውጤቷ ከፍ አለ ወይ? አላለም። ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ይሄ ይቆጨኛል።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሚኒስትሪ ትፈተናለች። እህቴ ድራማውን አስቁሚያት ብላ ደውላልኝ ነበር፤ እኔን ትሰማኛለች ብላ። እንቢ አልኳት። ትንሽ ተኮራርፈናል፣ ይታረቃል።

ትናንት ማታ ልጅቷ ራሷ መጣች። «አክስቴ፣ የሽማግሌ ልብስ አለሽ?» አለችኝ። የአባቴን ካፖርት ከሳጥን አወጣሁላት። አሁንም የናፍታሊን ሽታ አለው። እጅጌው ጣቶቿን ሸፈነ። ልጠፍልሽ ብላት «አይሆንም፣ እንዲህ ነው የምፈልገው» አለችኝ።