ሥጋ ሳይኖር፣ ስታርችም ሲቀነስ፣ ፕሮቲኑ ከየት ይምጣ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሥጋ የማይበላ ሰው «ፕሮቲን ከየት ላግኝ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ ምስር ብላ፣ ሽምብራ ብላ፣ ባቄላ ብላ ይሉታል። ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ የተመከረ ሰውም መካሪ አያጣም፤ ዳቦውን፣ ሩዙንና ድንቹን ተውና ወደ ሥጋና ዓሣ አዘንብል ይባላል። የሚቸገረው ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ሰው ነው። ለአንደኛው ጥያቄ መልስ የሆነው ምግብ ለሁለተኛው ክልክል ይሆንበታል፤ ጥራጥሬው ስታርች የሚባለው ካርቦሃይድሬት አለው፣ ሥጋው አይበላም። ስለዚህ ብዙዎች ሳያስቡት የሚያርፉት ሰላጣ፣ የወይራ ዘይት፣ አቮካዶና አንድ እፍኝ ለውዝ ላይ ነው። ይጣፍጣል፣ ሆድም ይሞላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ያ ሙሉ ምሳ 12 ግራም ፕሮቲን ቢኖረው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አትክልት ተመጋቢ ሆኖ ካርቦሃይድሬት የሚቀንስ ሰው በቅድሚያ መቁጠር ያለበት ፕሮቲኑን ነው። ካርቦሃይድሬቱ ሁለተኛ ይቆጠር። ሁለቱ ከተጋጩ ደግሞ የካርቦሃይድሬቱን ገደብ ትንሽ ላላ ማድረግ ይሻላል እላለሁ። በዚህ የማይስማሙ ባለሙያዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ምክንያቴን ስትሰሙ ፍረዱ።

ስንት ያስፈልጋል? የዓለም ጤና ድርጅት ለጤናማ ጎልማሳ ያስቀመጠው መጠን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 58 ግራም ይሆናል። ይህ ግን አካል እንዳይጎዳ የሚበቃው ዝቅተኛ መጠን ነው። ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው ጡንቻው እንዳይመነምን ለኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ቢያገኝ ይመከራል፤ ክብደት የሚያነሳ ስፖርተኛ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰው ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። የሰው አንጎል በተለመደው አመጋገብ በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይጠቀማል። ግሉኮሱ ከምግብ ካልመጣ ጉበት ራሱ ይሠራዋል፤ ከሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድ ነው። በቂ ፕሮቲን ካልበላችሁ ያ አሚኖ አሲድ የሚወሰደው ከጡንቻችሁ ነው። ቀናት ሲያልፉ አንጎል ኬቶን፣ ማለትም ጉበት ከስብ የሚሠራውን ነዳጅ፣ መጠቀም ይጀምርና የግሉኮስ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይቀርም። በዚያ ላይ የብዙ ዕፅዋት ፕሮቲን እንደ እንቁላልና ወተት ፕሮቲን በሙሉ አይፈጭም። እነዚህን ሁሉ ደምሬ የምመክረው ለኪሎ 1.2 ግራም ያህል ነው፤ ለ70 ኪሎ ሰው 84 ግራም ማለት ነው። ክብደቱ ከልክ በላይ የሆነ ሰው በአሁኑ ክብደቱ ሳይሆን ሊደርስበት በሚፈልገው ጤናማ ክብደት ያስላው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «ይህ ምግብ ፕሮቲን አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለእናንተ አይበቃም። ሩዝም እኮ ፕሮቲን አለው። መጠየቅ ያለባችሁ «ከአንድ ግራም ፕሮቲን ጋር ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት አብሮ ይገባል?» ብላችሁ ነው። የተቀቀለ ሩዝ ላይ መልሱ 10 ግራም ገደማ ነው። የተቀቀለ ሽምብራ ላይ 3፣ የተቀቀለ ምስር ላይ ከ2 ትንሽ ከፍ ይላል። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲንና 20 ግራም ካርቦሃይድሬት አለውና። 84 ግራም ፕሮቲን ከምስር ብቻ ላግኝ የሚል ሰው ከ900 ግራም በላይ የበሰለ ምስር መብላት አለበት፤ ከዚያ ጋር ወደ 190 ግራም ካርቦሃይድሬት ይገባል። ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት የሚባለው አመጋገብ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች መሆኑን አስታውሱ።

ይሁንና ምስሩን አትጣሉት። ከዚያ 20 ግራም ውስጥ 8 ግራም ያህሉ አሰር፣ ማለትም ፋይበር ነው፤ ወደ ስኳርነት አይለወጥም፣ አንጀትንም ያሠራል። ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰው ቶሎ የሚያማርረው ድርቀት ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምስር ዋናው የፕሮቲን ምንጭ መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ሲኒ ያህል ከጎን ሲቀርብ ሒሳቡ ይስተካከላል።

ታዲያ ዋናው ምንጭ ምን ይሁን? ለሚበላው ሰው እንቁላልን የሚያህል የለም። አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ካርቦሃይድሬቱ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ስህተቱ ቁጥሩ ላይ ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው «ቁርሴ ፕሮቲን ነው» ብሎ ይነሳል። በነገራችን ላይ እንቁላል ጥሬውን የምትጠጡ ካላችሁ ተዉት፤ ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ገደማው ሲፈጭ ከጥሬው የሚፈጨው ግማሽ ያህሉ ነው። በሽታው ሳይቆጠር።

ወተት ነገሩ ይለያል። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ፕሮቲን ቢኖረውም 12 ግራም ላክቶስ የሚባል ስኳር ይዟል። ነገር ግን ወተት ሲረጋና አጓቱ ሲወጣለት ከላክቶሱ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ የቀረውንም ባክቴሪያዎች ይቀንሱታል። ለዚህ ነው ተጣርቶ የወፈረው፣ የግሪክ እርጎ የሚባለው፣ በ100 ግራም 10 ግራም ፕሮቲንና 4 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ የሚኖረው። ለስላሳ ነጭ አይብም ከዚህ አይርቅም። እንደ ቼዳር ያለ በስሎ የጠነከረ ቺዝ 100 ግራሙ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ስኳሩ የለም በሚባል ደረጃ ነው። ቺዝ ላይ የምሰጋው በጨውና ሳቹሬትድ በሚባለው የሚረጋ ስብ ነው። ስለዚህ ምግቡን የሚያጅብ ይሁን እንጂ ሙሉ ምግብ ባይሆን እመርጣለሁ። እርጎ ስትገዙ ደግሞ የፍራፍሬ ሥዕል ያለበትን እለፉት፤ ስኳር የተጨመረበት መሆኑ አይቀርም።

ከዕፅዋት ወገን አኩሪ አተር ብቻውን ይቆማል። ከሌላው ጥራጥሬ የሚለየው ኃይሉን በስታርች ፈንታ በዘይት መልክ ማከማቸቱ ነው። የተቀቀለው 100 ግራም 17 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው ካርቦሃይድሬቱ 9 ግራም አካባቢ ነው፤ የዚያም ከግማሽ በላይ አሰር ነው። ከወተቱ የሚሠራው ቶፉ ጠጠር ያለው ዓይነት ከሆነ በ100 ግራም ከ12 እስከ 17 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ካርቦሃይድሬቱ 3 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በውስጡ ካለው ውሃ ነው፤ ለስላሳው ቶፉ ብዙ ውሃ ስላለው ፕሮቲኑ ያነሰ ነው። የአኩሪ አተሩ ፍሬ እንዳለ ተብላልቶ የሚሠራው ቴምፔ ወደ 19 ግራም ይደርሳል።

አኩሪ አተር ሲነሳ ከወንዶች በኩል «የሴት ሆርሞን አለው ይባላል» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። በውስጡ ያለው አይሶፍላቮን በቅርጹ ከኤስትሮጅን ጋር ይመሳሰላል እንጂ ኤስትሮጅን አይደለም። በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩም የወንዶችን ቴስቶስትሮን እንደማይቀንስ አሳይተዋል። ልትጠነቀቁበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ለእንቅርት የሚሰጠውን ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ ከሆነ አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያውክ ስለሚችል ሰዓታቸውን አራርቁ።

ግብጦም ብዙ የማይወራለት ዘመዱ ነው። ተቀቅሎ በ100 ግራም 15 ግራም ያህል ፕሮቲንና 10 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። መራራው ዓይነት መርዛማ አልካሎይድ ስላለበት ውሃው እየተቀየረ በደንብ ካልተነከረ አይበላም፤ ለውዝ አለርጂ የሚሆንበት ሰውም ከግብጦ ይጠንቀቅ። ግሉተን ከሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የሚሠራው ሴይታን ፕሮቲኑ ከፍተኛ፣ ካርቦሃይድሬቱም ዝቅተኛ ነው፤ ሲሊያክ፣ ማለትም ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ግን እንዳይነካው።

ለውዝና አልሞንድ ላይ ብዙዎቻችሁን ሳላስቀይም አልቀርም። የፕሮቲን ምግብ ተብለው ይወደሳሉ፤ በእኔ እይታ የስብ ምግብ ናቸው፣ ፕሮቲኑ ጭማሪ ነው። 30 ግራም አልሞንድ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። 30 ግራም ፕሮቲን ከአልሞንድ ለማግኘት ከ800 ኪሎ ካሎሪ በላይ መብላት ግድ ይላል። ክብደት ለመቀነስ ካርቦሃይድሬት ትቶ ቀኑን ሙሉ ለውዝ ሲቆረጥም የሚውል ሰው ሚዛኑ ለምን እንደማይንቀሳቀስ ግራ ይገባዋል። የአልሞንድ ወተት የሚባለውማ ብርጭቆ ሙሉው አንድ ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው፤ ነጭነቱ አያታልላችሁ። የዱባ ፍሬ ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ 30 ግራሙ 9 ግራም ይሰጣል።

ስለ ዱቄት ፕሮቲን አጭር ቃል። ከአጓት ወይም ከአተር የተጣራ ዱቄት አንድ መስፈሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ምግብ አይደለም ብለው የሚንቁት አሉ፤ እኔ አልንቀውም፣ በተለይ እንቁላልና ወተት ለማይነካ ሰው። መለያው ላይ ስኳርና ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን የሚባል ካርቦሃይድሬት አለመኖሩን ብቻ እዩ።

«የዕፅዋት ፕሮቲን ጎዶሎ ነው» የሚባለውስ? ሰውነታችን ራሱ የማይሠራቸው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው አሚኖ አሲዶች 9 ናቸው። ዊልያም ካሚንግ ሮዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ትሪዮኒን የተባለውን ካገኘ በኋላ ዝርዝሩ መልክ ያዘ። እህል ላይሲን ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ አንዱ የሌላውን ይሞላል። ቀድሞ ሁለቱ በአንድ ገበታ ካልተገናኙ ዋጋ የላቸውም ይባል ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም መበላታቸው በቂ መሆኑን እናውቃለን፣ ጉበትና ጡንቻ አሚኖ አሲዶችን ለሰዓታት ያቆያሉና። እህል ለቀነሰው ሰው ጥሩው ዜና እንቁላል፣ የወተት ውጤትና አኩሪ አተር ዘጠኙንም በበቂ መጠን መያዛቸው ነው። ሰሊጥና የዱባ ፍሬም የሜታዮኒኑን ጉድለት ይደጉማሉ።

ቀሪው ክፍፍሉ ነው። ጠዋት ቡና፣ ቀን ሰላጣ፣ ማታ ሙሉ የፕሮቲን ገበታ የሚያቀርብ ሰው በድምሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻ ግን በአንድ ገበታ 25 ወይም 30 ግራም ሲያገኝ በደንብ ይገነባል፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ።

ምሳሌ ከመስጠቴ በፊት ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ የነገርኳችሁን የፕሮቲን መጠን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትከተሉ። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ፣ ካርቦሃይድሬት ቀንሳችሁ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳራችሁ አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። ስማቸው በ«ግሊፍሎዚን» የሚያልቅ መድኃኒቶችን ከጥብቅ የካርቦሃይድሬት ቅነሳ ጋር ማጣመር ደግሞ፣ የደም ስኳር ብዙ ሳይጨምር እንኳ፣ ደም አሲድ የሚሆንበትን ኬቶአሲዶሲስ ሊያስከትል ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም በራሷ ውሳኔ ወደ ጥብቁ መንገድ አትግባ።

እንግዲህ የ70 ኪሎው ሰው ቀን ይህን ሊመስል ይችላል። ጠዋት ሦስት እንቁላል ከ30 ግራም ጠንካራ ቺዝ ጋር፤ 25 ግራም ፕሮቲን። ቀን 150 ግራም ጠጠር ያለ ቶፉ በቅጠላ ቅጠል ተጠብሶ፣ ከላዩ 20 ግራም የዱባ ፍሬ፤ 26 ግራም ገደማ። ማታ 100 ግራም የበሰለ ምስር ከአትክልት ጋር፣ ከዚያም 200 ግራም የወፈረ እርጎ፤ 29 ግራም። ከአትክልቱ የሚገኘው 4 ግራም ያህል ሲጨመር 84 ይሞላል። ካርቦሃይድሬቱ አትክልቱን ጨምሮ 60 ግራም አካባቢ ነው፤ ምስሩም ሳይቀር። በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ለሚፈቅደው የኬቶ አመጋገብ ይህ ሊበዛ ይችላል። ሐኪም ለይቶ ያዘዘው ካልሆነ ግን አትክልት ተመጋቢ ለምን እዚያ ድረስ እንደሚወርድ አይገባኝም፤ እስከ 100 ግራም ድረስ ሰፊ ቦታ አለው።

እንቁላልና ወተት የማትነኩ፣ የጠዋቱን እንቁላልና ቺዝ በቶፉ ፍርፍር፣ የማታውን እርጎ በአንድ መስፈሪያ የአተር ፕሮቲን ወይም በቴምፔ ተኩት። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእነዚህ ከአንዱም አታገኙትም፤ በኪኒን ወይም ቢ12 ከተጨመረበት ምግብ መውሰድ ግዴታችሁ ነው። ብረትም በጥራጥሬና በፍሬዎች ውስጥ ቢኖርም ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ቃሪያ ጨምሩ፣ ሻይና ቡናውን ደግሞ ከገበታው አንድ ሰዓት ያህል አርቁት።

ጊዜ ስለተረፈን የግል ሁኔታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ጠይቁኝ፤ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከጥያቄው በፊት ንገሩኝ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።