ከሐዋሳ ሳነቴ በሞተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርጎ የባሌ ተራሮችን በቡድን በሞተር ሳይክል ስለመጎብኘት በስልክ ሰዓታችን የደረሱን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። በአየር ሰዓት ማነስ የተቆራረጡትን ማብራሪያዎች እዚህ ሞልተናቸዋል።

ከታቦር የደወሉ አድማጭ፦ ስምንት ነን፤ ቦክሰርና አፓቼ ሞተር ነው የያዝነው። ቅዳሜ ወጥተን እሁድ ማታ ብንመለስስ?

አይሆንም። ከሐዋሳ ጎባ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ አስፋልት ነው፣ ሲያስቡት የአራት ሰዓት መንገድ ይመስላል። ስምንት ሞተር ግን እንደ አንድ ሞተር አይሄድም። አንዱ ቤንዚን ሲቀዳ ሰባቱ ይቆማሉ፤ የአንዱ ሰንሰለት ሲላላ ሰባቱ ይቆማሉ። ከኮፈሌ በኋላ የገበያ ቀን ከገጠማችሁ ደግሞ አስፋልቱን ፈረስ፣ ጋሪና በግ ይይዘዋል።

አራት ቀን ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ፣ ምሳ ዶዶላ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ዲንሾ ወይም ጎባ ግቡ። በሁለተኛው ቀን የሳነቴን አምባ ተሻግራችሁ ሪራ መንደር እደሩ። በሦስተኛው ጠዋት ሐረና ጫካ ውስጥ ትንሽ ወርዳችሁ ወደ ጎባ ተመለሱ፤ አራተኛው ቀን የመመለሻ ነው። ሪራ ማደሩን ከተዋችሁት በሦስት ቀን ያልቃል። ጥሬ ሥጋው ለማታ ይቆይ፤ ከከባድ ምሳ በኋላ ከዶዶላ ወደ ዲንሾ የሚነዳ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል። ወደ ሳነቴ ከመውጣታችሁ በፊትም የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ጎባ ላይ ጠይቁ።

ከመናኸሪያ ሰፈር፦ 150 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰው ጭኖ ሳነቴ ይወጣል?

ይወጣል፤ ግን የምታውቁት ሞተር ሆኖ አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳነቴ 4,000 ይደርሳል፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ሞተሩ ሐዋሳ ላይ ከሚስበው አየር ሩብ ያህሉን እዚያ ያጣል። ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሐዋሳ ላይ ወደ 10 ወርዷል፤ ሳነቴ ላይ 7 ተኩል አካባቢ ቢቀረው ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሰውና 20 ኪሎ ዕቃ ሲጨመር በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የምትወጡት መንገድ ይበዛል። በአራተኛ አስጨንቃችሁ አትጎትቱት፤ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቶሎ ማርሽ ቀንሱ። ፍሪሲዮን ግማሽ ይዞ መውጣት ደግሞ የፍሪሲዮን ሸራ ያቃጥላል፤ የቃጠሎ ሽታ ከሸተታችሁ ቆማችሁ አብርዱት።

ቀጥ ያለችዋን የቱሉ ዲምቱ አቀበት ከኋላ የተቀመጠው ሰው ወርዶ በእግሩ ቢወጣት ይሻላል። በነገራችን ላይ በዚያ ከፍታ ሞተር መግፋት ያደክማል፤ ወጣት ነኝ የሚለውም ከ50 ሜትር በኋላ ይቀመጣል።

ከአላሙራ፦ አምና ጓደኞቼ ሲወጡ አንዱ ሞተር ሳነቴ ሲደርስ ታፈነ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ጠፋ። ካርቡራተሩን ምን እናድርገው?

ጥቁር ጭስና በጥላሸት የተሸፈነ ካንዴላ ማለት አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። ካርቡራተሩ፣ ማለትም አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ክፍል፣ የተስተካከለው ለሐዋሳ አየር ነው፤ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ መቀነስ አይችልም። በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ማለትም ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ራሱን ያስተካክላል፤ ይህ ጥያቄ አይመለከተውም።

የካርቡራተር ሞተር ያላችሁ ጎባ ላይ ይህን አድርጉ። ከላይ ያለውን ክዳን ፈትታችሁ ከጋዝ ገመዱ ጋር የሚወጣውን መርፌ አውጡ። መርፌው አናት ላይ ትንሽ ቅንጥብ በአንዱ እርከን ላይ ተቀምጣለች። ቅንጥቧን አንድ እርከን ወደ ላይ አሳልፏት፤ መርፌው ዝቅ ይልና ቤንዚኑ ይቀንሳል። ብዙዎች ወደ ታች አውርደው ነገሩን ያብሱታል። በሙሉ ጋዝ ላይ አሁንም ከታፈነ፣ ከታች ያለችውን ጄት የሚሏትን ባለቀዳዳ የነሐስ ብሎን በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ዝቅ ባለች ይተኳት። እሷን ግን ሐዋሳ ላይ ገዝታችሁ ያዙ፤ መንገድ ላይ አታገኟትም። ሚኒሞውንም፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጡ ሞተሩ የሚሠራበትን ፍጥነት፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

የአየር ፊልትሮ አውጥቶ መንዳት የሚባለውን ምክር አትስሙ። ለአንድ ቀን ይቀለዋል፤ የሳነቴ አቧራ ግን ፒስተኑንና ቀለበቶቹን ይበላቸዋል። ይልቁንስ ፊልትሮውን በየማታው አራግፉ፤ ግማሽ የደፈነ ፊልትሮ ለመታፈን የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ስትመለሱ ደግሞ ቅንጥቧንና ጄቷን ወደ ቦታቸው መልሱ። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቆላ ላይ ይግላል፣ ሻሸመኔ ሳይደርስ ፒስተን ሊበላ ይችላል።

ጥቁር ጭስ ሳያወጣ፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ደህና ሄዶ ድንገት ከጠፋ ግን ካርቡራተሩን አትፍቱ። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። “ፍስስ” ብሎ አየር ከሳበና ከዚያ በኋላ ከተነሳ፣ ጥፋቱ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ መደፈኑ ነው። በስፒል ጥረጉት፣ ያልቃል።

ያው አድማጭ መልሰው ደውለው፦ ጠዋት ዲንሾ ላይ አልነሳም ሲልስ?

ዲንሾ 3,100 ሜትር ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። 20ደብሊው 50 ዘይት በዚያ ብርድ ይወፍራል፤ ከጉዞው በፊት ዘይት የምትቀይሩ ከሆነ የሞተሩ መመሪያ ከፈቀደ 10ደብሊው 40 አድርጉት። ጠዋት ቁልፉን ሳትከፍቱ አምስት ስድስት ጊዜ በእግር ርገጡት፣ ከዚያ ቾክ ስባችሁ አስነሱ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቾኩን መልሱ። በባትሪ እያንጫረሩ ባትሪ መጨረስ የዲንሾ ጠዋት የተለመደ ስህተት ነው።

ከፒያሳ፦ ቤንዚን ስንት ሊትር እንያዝ?

እንቁጠር። ከሐዋሳ ጎባ ሁለት ሰው የጫነ 150 በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 5 ሊትር ተኩል ያህል ይጨርሳል። ከጎባ ሪራ፣ ከነቱሉ ዲምቱና ትንሽ ሐረና ደርሶ መልስ፣ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አቀበትና ጠጠር ስለሆነ በሊትር 30 ያዙት፣ ያው 5 ሊትር ተኩል ነው። 11 ሊትር የሚይዝ ታንከር ማለት ልክ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሮቤ ወይም ጎባ ቤንዚን ካለ ጀሪካን አያስፈልጋችሁም። ከሌለስ? እጥረቱን እናውቀዋለን። በየከተማው፣ ሻሸመኔም ዶዶላም፣ ታንከሩ ግማሽ ሳይደርስ ሙሉ፤ በተጨማሪ በአንድ ሞተር 3 ሊትር ያዙ። ማደያ በጀሪካን አልቀዳም ሊል ይችላልና ከታንከር ወደ ጀሪካን የምትገለብጡበት ቀጭን ቱቦ ይኑራችሁ።

ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሳነቴ ላይ ይነፋል። ስትከፍቱም ቀስ ብላችሁ፣ ከጋለ ሞተር ርቃችሁ። የሃይላንድ ኮዳ ለቤንዚን አትጠቀሙ፤ ክዳኑ ያንጠባጥባል።

መንገድ ዳር የሚሸጠውን ለመግዛት ከተገደዳችሁ ሁለት ነገር ፈትሹ። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፦ ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተኖ ይጠፋል፣ ላምባ የተቀላቀለበት ቅባታም ምልክት ይተዋል። ከዚያ ግልጽ ኮዳ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ ውኃ ካለው ከታች ተለይቶ ይታያል።

ከአረብ ሰፈር፦ በቡድን ስንነዳ ሁሌ እንጠፋፋለን፤ ፊት ያሉት ይፈጥናሉ።

ፊት ያለውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ጥፋቱ ግን አሰላለፉ ላይ ነው። ደካማውን ሞተር ወይም አዲሱን ነጂ ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጉት። መሪው በስፖኪዮ እሱን እያየ ይሄዳል፤ የሁሉም ፍጥነት በእሱ ይለካል። መጨረሻ ላይ መሣሪያና ካላማዳሪ የያዘ፣ መጠገን የሚችል ሰው ይሁን፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም። መገንጠያ ላይ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ቆሞ አቅጣጫ ያሳያል፣ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ይቀላቀላል። ይህን ካደረጋችሁ ስልክ መደዋወል አያስፈልግም፤ ሳነቴ ላይ ደግሞ ኔትወርክ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ስምንት ከሆናችሁ አራት አራት ሆናችሁ በአሥር ደቂቃ ልዩነት ሂዱ፤ ስምንት ሞተር ተከታትሎ ሲሄድ ለመቅደም የሚሞክር አይሱዙ መሃል ላይ ይገባባችኋል።

አስፋልት ላይ ግራና ቀኝ ተፈራርቃችሁ፣ ከፊታችሁ ካለው የሁለት ሰከንድ ርቀት ጠብቁ። ጠጠር ላይ ይህ አይሠራም፤ የፊተኛው አቧራ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ኋላ ቅሩ። የእረኛ ውሻ ሲያባርራችሁ እግራችሁን አትሰንዝሩ፤ ፍጥነት ቀንሳችሁ አቅርቡት፣ ከዚያ ጋዝ ሰጥታችሁ እለፉት።

አንዲት እናት ከሐይቅ ዳር፦ ልጄና ባለቤቱ በአንድ ሞተር ሊሄዱ ነው። እዚያ ላይ ራስ ምታት አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው እናታችን። 4,000 ሜትር ላይ የሚተነፈሰው ኦክሲጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ ገደማ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ይደሩ እንጂ ሳነቴ ላይ ድንኳን አይትከሉ፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፣ አልኮል ይቅርባቸው። ራስ ምታቱ በማስታገሻ ካልተሻለ ወደ ታች ይውረዱ። ከተንገዳገዱ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ወይም ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወርደው ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ለባለቤቱ አንድ ነገር ይንገሩልን፦ ነጠላም ጋቢም ለብሳ ሞተር ላይ እንዳትቀመጥ። ጫፉ ሰንሰለቱ ወይም የኋላ ጎማ ራጂ ውስጥ ከገባ አንገት ይዞ ይጎትታል። ጋቢው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ማታ ይፈለጋል።

ከባሕል አዳራሽ አካባቢ፦ ጎማ ቢፈነዳ ጎሚስታ የለም። ምን ይዘን እንሂድ?

ጎማችሁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብባችሁ የፊትና የኋላ ካላማዳሪ አንዳንድ፣ ሦስት ማንሻ ብረት፣ የእጅ ፓምፕ፣ ማስቲሽና ፓች፣ የጎማውን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ። ቁልፉን ቤት ሳላችሁ ፈትታችሁበት ሞክሩት፤ ዳዶው አልፈታ የሚለው ሁሌ መንገድ ላይ ነው።

ጎማው ከቸርኬው አልወጣ ሲላችሁ ጉልበት አትጨምሩ። ማንሻውን ካስገባችሁበት በተቃራኒው ወገን ጎማውን በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ወደ ቸርኬው መሃል ጉድጓድ አስገቡት፤ ያኔ ይላላል። አዲሱን ካላማዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በእጃችሁ ዳብሱ፤ እሾኩ እዚያው ካለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛውንም ትበሱታላችሁ። ፓች ስትለጥፉ ላስቲኩን በአሸዋ ወረቀት ፍተጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ተጫኑት። ችኩል ሰው እርጥብ ማስቲሽ ላይ ይለጥፍና ሪራ ሳይደርስ ይለቅበታል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾክ አይደለም፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ድንጋይ ላይ ተቆንጥጦ ነው።

ነፋሱን በተመለከተ፣ ለ150 ብዙ ጊዜ ፊት 25፣ ኋላ ሁለት ሰው ሲጭን 32 ፒኤስአይ ይበቃል። ሳነቴ ላይ አታውጡ፣ አትጨምሩ፦ ከፍታው መለኪያውን ወደ 3 ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ብርዱ ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሰዋል።

ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ፦ ወደ ሪራ የሚወርደው ቁልቁለት ያስፈራል አሉ።

ጥምዝምዝ ነው፣ ጠጠር ነው፣ ከዘነበ ያዳልጣል። ከመውረዳችሁ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን አትያዙ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ማርሽ ነፃ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚወርድ አለ፤ የኋላው የፍሬን ሸራ ግሎ መያዝ የሚተወው በእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ላይ ነው። ፍሬኑን ረግጣችሁ ልቀቁ፣ ረግጣችሁ ልቀቁ። የፊቱን መዞሪያው ሳይደርስ፣ ቀጥ ብላችሁ ሳላችሁ ተጠቀሙ፤ ተጠምዝዛችሁ ከያዛችሁት ጠጠሩ የፊት ጎማውን ይወስደዋል።

በአጭር መልእክት፦ ለመስከረም እንሂድ?

ባሌ ላይ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ከሰዓት በረዶም ይጥላል። ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ግን ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጓንት ውስጥ ስስ ፌስታል አድርጉ፣ ከጃኬት ላይ የዝናብ ልብስ ደርቡ፤ ነፋሱን ካገዳችሁ ብርዱ ግማሹ ቀረ።

ከአዳማ፦ እኛ በሻሸመኔ መዞር አለብን?

የለባችሁም። በዴራ፣ በኢተያ፣ በአሰላ፣ በበቆጂና በአሳሳ አድርጋችሁ ዶዶላ ላይ የሐዋሳዎቹን ትቀላቀላላችሁ። ጭላሎና ካካ ተራሮችን እያያችሁ ነው የምትሄዱት፤ ለዓይን ከሻሸመኔው መንገድ ይበልጣል እንላለን፣ ሐዋሳዎች አይቀየሙን። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሞተሩ ካርቡራተሩን ማስተካከል እንደሚፈልግ እዚያው ይነግራችኋል።

ከታቦር፦ ቀይ ቀበሮ እናያለን? ፓርኩ ላይስ ክፍያ አለ?

የመግቢያውን ዲንሾ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፤ ይጠየቃል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ዐዋቂ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ሳነቴ ላይ ጠዋት ፍልፈል ሲያድን ከመንገዱ ላይም ይታያል። መኪና እየገጨ ይገድለዋልና በቀስታ ንዱ፣ ሲመሽ አትንዱ። ስታዩት ራቅ ብላችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ጡሩንባ አትንፉ፣ ብስኩት አትወርውሩ፤ መንገድ ላይ ምግብ የለመደ ቀበሮ ጎማ ሥር ይገባል። ከመንገድ ወጥቶ ሜዳው ላይ በሞተር መሄድ ክልክል ነው፤ የጎማው ዱካ እዚያ ብርድ ላይ ለዓመታት አይጠፋም።