ስሙን ሳላውቅ የበላሁት ጥራጥሬ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ ሳልጋብዝ ብቻዬን የማወጋችሁ ስለ አንድ ጥራጥሬ ነው። ድሬዳዋ በልጅነቴ ግድግዳ የምንጋራቸው የሶማሌ እናት በረመዳን ለአፍጥር ባጂያ ይጠብሱ ነበር፤ ከላዩ ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ የለሰለሰ፣ ቢስባስ በሚሉት የሚያቃጥል ማጥቀሻ እየተጠቀሰ የሚበላ ባጂያ። ሌሊቱን የተዘፈዘፈውን እህል ከሰዓት በኋላ በሁለት መዳፋቸው ሲያሹት ቅርፊቱ እየተላቀቀ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ እሱን በወንፊት መግፈፍ የእኔ ሥራ ነበር። በእያንዳንዱ ቅርፊት ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ስላለች፣ ሳፋው ሽቅብ የሚያዩ ዓይኖች የሞሉበት ይመስለኝ ነበር። የእህሉን ስም ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ስሙን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ለነዋሪዎች በሚከራይ የጓሮ ቦታ ላይ ከእኔ መደብ አጠገብ የሚያለሙ አፍሪካ አሜሪካዊት አዛውንት አሉ። አንድ ቀን በወረቀት የቋጠሩትን ዘር እጄ ላይ አፍስሰው «ይህ እኮ ከእናንተ ዘንድ የመጣ ነው» አሉኝ። እኔ አሜሪካኖች በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት መልካም ዕድል ያመጣል ብለው ከሩዝ ጋር የሚበሉት ብላክ አይድ ፒ መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። ፍሬዎቹን በጣቴ ገልበጥ ሳደርጋቸው ግን ያቺው የሳፋው ዓይን መልሳ አየችኝ።

ሴትዮዋ ትክክል ነበሩ። ተክሉ በአፍሪካ ምድር ከዱር የለመደ ነው፤ በማዕከላዊ ጋና፣ ኪንታምፖ በሚባለው አካባቢ ከ3,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ፍሬ በቁፋሮ ተገኝቷል። አትላንቲክን የተሻገረው በባሪያ ንግድ ዘመን ነው፤ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም ለምደው የበሉት እነዚያ የተጋዙት ሰዎች ያውቁት የነበረውን እህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 አላባማ ወደሚገኘው የጥቁሮች ትምህርት ቤት፣ ወደ ተስኪጊ ተቋም፣ የመጣው የግብርና ሳይንቲስት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርም ጥጥ ያራቆተውን መሬት እንዲጠግንላቸው ለጥቁር ገበሬዎች አጥብቆ ከመከራቸው ሰብሎች አንዱ ይኸው ነበር።

በአማርኛ የምንጠራበት ስም ያስቸግራል። የግብርና ባለሙያዎች ካውፒ ይሉታል፤ ገበያ ላይ ብዙ ሰው ከቦሎቄ ጋር ይደባልቀዋል፤ ዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ደግሞ እንደ አገሩ ሰው ሉቢያ ይሉታል። እኔም ለአፍ ስለሚቀል ከዚህ በኋላ ሉቢያ እላለሁ። ከቦሎቄ ጋር መደባለቁ ግን ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቦሎቄ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ ወደ እኛ የመጣ ሲሆን፣ ሉቢያ ግን ከእኛው አህጉር ወደዚያ የሄደ ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ፍሬው በእናቱ ላይ ተጣብቆበት የነበረውን ጠባሳ ተመልከቱ፤ በሉቢያ ላይ መካከሏ ነጭ የሆነች ትንሽ ጠባሳ ትታያለች፣ ዙሪያዋን ደግሞ ጥቁር ቀለም ከቧታል። ይሁን እንጂ ቀይ፣ ቡናማና ድፍን ጥቁር የሆኑ ዝርያዎችም ስላሉ ዓይኑ ብቻውን አያስተማምንም። ማሳ ላይ የሉቢያ ቅጠል ልሙጥና አንጸባራቂ ሲሆን የቦሎቄው ሲዳሰስ ሻካራ ነው። የሉቢያ አበባ ማለዳ ፈክቶ ከቀትር በፊት ይከደናል፤ ፍሬ የያዘው ረጅም ዛላም ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ በረጅም አገዳ ላይ ከቅጠሉ በላይ ይወጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ዘሬ በስብሶ ቀረ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ሳይ ቸኩዬ ዘራሁ፤ አፈሩ ግን ገና ቀዝቃዛ ነበር። ሉቢያ አፈሩ ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መታገሥን ይፈልጋል፤ ውርጭና ውሃ የሚተኛበት መሬትም ይጎዱታል። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሦስት ሴንቲሜትር ያህል አጥልቄ፣ በፍሬና በፍሬ መካከል አንድ ስንዝር የማይሞላ ርቀት ትቼ እንደገና ስዘራው በሳምንት ውስጥ በቀለ። ያኔ ደግሞ ሌላ ስሕተት ሠራሁ፤ የወደድሁትን ሁሉ ማጥገብ ስለምወድ ኮምፖስት ከመረሁበት፣ እሱም ቅጠል ብቻ ሆነ። አዛውንቷ አንዱን እግር ከሥሩ ነቅለው አሳዩኝ፤ ሥሩ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ከራሳቸው መደብ ሌላ ነቀሉ፤ ሥሩ እንደ ዶቃ በተሰካኩ እባጮች ተሞልቷል። አንዷን በጥፍራቸው ሲሰነጥቋት ውስጧ ሮዝ ነበር። በእነዚያ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ፤ ሮዝነቱም እየሠሩ ለመሆናቸው ምልክት ነው። መሬቱ በናይትሮጅን የጠገበ እንደሆነ ግን ተክሉ እነሱን ማኖር ይተዋል።

በአበባው አገዳ ላይ ጉንዳን ብታዩ አትረበሹ። ተክሉ ከአበባው ውጭ ጣፋጭ ፈሳሽ እያመነጨ ራሱ የጠራቸው ናቸው፤ በልተው ሌሎች ተባዮችን ያባርሩለታል።

ባቄላና አተር ደጋ ይወዳሉ፤ ሉቢያ ቆላ ይወዳል። በዝርያው መሠረት በሁለትና በሦስት ወር ስለሚደርስ ዝናብ አጭር በሆነበት አገር ያዋጣል። በኮንሶ ከማሽላ ጋር ተሰባጥሮ ይዘራል፤ በጋምቤላም ቅጠሉ ሳይቀር ይበላል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። እኔን የሚቆጨኝ ከደጋ የመጣን የከተማ ሰዎች ይህን እህል የእኛ ነው ብለን አለመቁጠራችን ነው፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር ስለ ቆላው ረሃብ ስንነጋገር፣ ቆላው ለራሱ ይዞት ስለኖረው ሰብል ብዙም አናነሣም።

ትልቁ ጠላቱ ነቀዝ ነው። በሁለተኛው ዓመት ያገኘሁትን ምርት በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጬ ጥር ላይ ስከፍተው ፍሬው ሁሉ በመርፌ የተወጋ ይመስል ክብ ክብ ቀዳዳ ነበረበት፤ ከታች ዱቄት ተጠራቅሟል። ነቀዙ የሚጀምረው ከማሳ ነው፤ እንቁላሉን ዛላው ወይም ፍሬው ላይ ይጥላል፣ ትሉም ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድጋል። አሁን በደንብ ካደረቅሁት በኋላ አንድ ሳምንት በረዶ ቤት አኖረዋለሁ። በረዶ ቤት ለሌለው ገበሬ ደግሞ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አለ፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ መራባት ያቅተዋል።

ወደ ድስቱ ልመለስ። ከስንዴ ጋር ንፍሮ ይሆናል፤ ይህ ጥምረት ለጤናም የተሟላ ነው፤ ለስንዴው የጎደለውን ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ሉቢያ ሲሞላለት፣ ሉቢያ የሚያጥረውን ደግሞ ስንዴው ይሰጠዋል። በቁሌት ቀይ ወጥ ይሠራል፤ ለጾም እጅግ ይመቻል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ባጂያው ነው። ናይጄሪያውያን በዚሁ መንገድ ዘፍዝፈው፣ ቅርፊቱን ገፍፈው፣ ፈጭተው አካራ ይጠብሳሉ፤ በብራዚሏ ባሂያ ደግሞ ነጭ የለበሱ ሴቶች መንገድ ዳር አካራዤ ብለው ይሸጡታል። የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 የእነዚህን ሴቶች ሙያ በባህል ቅርስነት መዝግቦታል። የድሬዳዋን ጎረቤታችንን እጅ ያየ ሰው የእነዚያን ሴቶች እጅ ለማወቅ አይቸገርም።

ባለፈው ቅዳሜ የራሴን ምርት ዘፈዘፍሁ። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ በስልክ «ስትፈጨው ውሃ እንዳታበዛ፣ ከዚያ እስኪቀልል ምታው» አለችኝ። ቅርፊቱን የገፈፈችው ልጄ ናት። በሽንኩርትና በቃሪያ ካሸሁት በኋላ መቅለሉን ለማየት አንዲት ጠብታ ሊጥ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣልሁ፤ ሰጠመች። ክንዴ እስኪዝል ደግሜ መታሁትና ሌላ ጣልሁ። ተንሳፈፈች፤ ዘይቱን ጣድሁ።