ብላክ ፓንተር፦ ገንዘቡ የት ላይ ሠራ?

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ የደብረ ብርሃን ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ ብርድ ወጥታችሁ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ስላያችሁ አመሰግናለሁ። ወደ ውይይቱ ሳንገባ የእኔን ሐሳብ ላካፍላችሁ።

ብላክ ፓንተር በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ነው። ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ1.3 ቢሊዮን በላይ አስገባ። ሦስት ኦስካርም ወሰደ፤ በአልባሳት፣ በፕሮዳክሽን ዲዛይንና በሙዚቃ። በኮምፒውተር ለተሠሩት ትዕይንቶች ግን እጩ እንኳ አልሆነም። እኔ ዳኞቹ ልክ ነበሩ እላለሁ። ፊልሙ ያማረው የሰው እጅ በደከመበት ቦታ ነው።

ልብሱን እዩት። የዋካንዳ (የፊልሙ ምናባዊ አገር) ድንበር ጠባቂዎች ትከሻቸው ላይ የደረቡት የሌሶቶ ብርድ ልብስ ነው። ሌሶቶ ተራራማና ብርዳማ አገር ናት፤ ብርድ ልብስ እዚያ የክብር ልብስ ነው። ይህን ከእኛ በላይ ማን ይረዳዋል? መንዝ ውስጥ ከበግ ፀጉር ባናና በርኖስ ይሠራል። ብዙዎቻችን ግን የድሮ ሰው ልብስ ነው ብለን ትተነዋል። የአልባሳት ባለሙያዋ ሩት ካርተር የደጋ ሰው ልብስ ወስዳ የጦር ጋሻ አደረገችው! የንግሥቲቱም ባርኔጣ መነሻው ያገቡ የዙሉ ሴቶች የሚያደርጉት ነው፤ የተሠራው ደግሞ በስሪዲ ማተሚያ። አሮጌውና አዲሱ አልተጣሉም። እኔ ይህን ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ቅልቅሉ ግን ችግርም አለው። ዋካንዳ ምሥራቅ አፍሪካ ናት ይሉናል፤ ሕዝቧ የሚናገረው ኮሳ ግን የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ነው። አንዱ ሽማግሌ ከአረንጓዴ ሱፉ ጋር የሚሄድ የከንፈር ሸክላ አድርጓል። የእኛዎቹን ሙርሲና ሱሪ ያስታውሳል። በእነርሱ ዘንድ ግን ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ለሌላው ተመልካች ጌጥ ሆኖ ያልፋል፤ ለእኛ አያልፍም።

ፍልሚያዎቹን ደግሞ አወዳድሩ። ፏፏቴው ላይ ያለው ድንቅ ነው። ሰው ይደክማል፣ ይቆስላል፣ ቤተሰብ ዳር ቆሞ ይጨነቃል። ንጉሡ እንደማይሞት እያወቅን እንኳ እንፈራለታለን። ንጉሡን ሆኖ የተወነው ቻድዊክ ቦስማን ያን ሁሉ የሠራው በካንሰር ታሞ ነበር፤ በ2020 ዐረፈ። ነፍሱን ይማር። የመጨረሻው የማዕድን ጉድጓድ ፍልሚያስ? ተመሳሳይ ልብስ የለበሱ ሁለት የኮምፒውተር ምስሎች አየር ላይ ይላተማሉ። ክብደት የላቸውም። ማን ማንን እንደመታ እንኳ አይለይም። ያ ሁሉ ብር ፈሶበት ጌም የሚመስል ነገር ማየት ያናድዳል።

ከዚህ በላይ የሚቆጨኝ ግን የንጉሡ ባላጋራ የኪልሞንገር ነገር ነው። ለንደን ሙዚየም ውስጥ ቆሞ አያቶቻችሁ ይህን ቅርስ እንዴት አገኙት፣ ገዝተው ነው ወይስ ዘርፈው ብሎ ይጠይቃል። እኛ ይህን ትዕይንት እንደ ማንም ተመልካች ልናየው አንችልም። በፈረንጆቹ 1868 ከመቅደላ ከተዘረፈው ብዙው ዛሬም እንግሊዝ አገር ነው። 11 ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ፣ ሰው በማያያቸው ክፍል ተቀምጠዋል። መቅደላ ለሸዋ ሰው ሩቅ ስም አይደለም፤ ምኒልክ ከዚሁ ከሸዋ ተወስደው ልጅነታቸውን በግዞት ያሳለፉት እዚያ ነው።

ታዲያ ፊልሙ ያን የመሰለ ጥያቄ አንስቶ ምን አደረገው? ጠያቂውን ነፍሰ ገዳይ አደረገው። አሮጊት አንገት ያስይዘዋል፣ የተቀደሰውን አትክልት ያስቃጥለዋል፤ እንድንጠላው። ከዚያ ይሞታል። የንጉሡ መልስ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የእርዳታ ማዕከል መክፈት ሆነ። ሙዚየሙ ውስጥ የቀሩት ቅርሶችስ? ማንም ዳግም አላነሳቸውም። እኔ እዚህ ላይ ፊልሙ የፈራ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ፈጥሮ እስከ መጨረሻው ሊያዳምጠው ይገባ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ከእኔ ጋር እንደማትስማሙ ፊልሙ እየታየ ስታጨበጭቡ በሰማሁት ድምፅ ገብቶኛል። ማይኩ ይኸው። ኪልሞንገር ላይ ሐሳብ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።