በሽተኛው የቱን እንደወሰደ ካወቀ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ ስለ ኬታሚን ነው የማወራው። ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሁሉ በማደንዘዣነት ያውቀዋል። በፈረንጆቹ 2000 ግን የዬል ተመራማሪዎች ለጥቂት የድብርት ሕሙማን በኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ሰጡ። የተለመዱት ክኒኖች ሳምንታት የሚፈጁበት ለውጥ በሦስት ቀን ውስጥ ታየ።

ኬታሚን የሚዘጋው ኤንኤምዲኤ የተባለውን ሪሴፕተር፣ ማለትም ግሉታሜት የተባለውን የአንጎል አነቃቂ መልእክተኛ የሚቀበለውን የነርቭ ሴል ክፍል ነው። ሪሴፕተሩ መሃሉ ላይ መተላለፊያ አለው፤ ሴሉ ባልተነቃቃበት ጊዜ ማግኒዥየም ደፍኖት ይቆያል። ግሉታሜትና ረዳቱ ግላይሲን ሲይዙት፣ ሴሉም ሲነቃቃ፣ ማግኒዥየሙ ይወጣል፤ ኬታሚን የሚገባው ያኔ ነው። በአንዱ መላምት መሠረት መጀመሪያ የሚነኩት ያለ ዕረፍት የሚሠሩት፣ ሌሎች የነርቭ ሴሎችን የሚገቱት አጋጅ ሴሎች ናቸው። እነሱ ሲዳከሙ ግሉታሜት ይለቀቃል፣ አምፓ በተባለው ሌላ የግሉታሜት ሪሴፕተር በኩልም አዳዲስ የነርቭ መገናኛዎች ይፈጠራሉ።

ይህ ሁሉ ያምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሙከራው ነው። ኬታሚን የወሰደ ሰው ከገዛ አካሉ የተነጠለ ይመስለዋል። ለማነጻጸሪያ ተራ ጨው ውኃ ከተሰጠ፣ በሽተኛውም ሐኪሙም በደቂቃዎች ውስጥ ማን ምን እንደወሰደ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚሞላው የድብርት መለኪያ፣ 10 ጥያቄ ከ60 ነጥብ፣ ተስፋንና ተስፋ መቁረጥንም አብሮ ይለካል።

ስለዚህ በጨው ውኃ ፋንታ የሚያፈዝዝ ሚዳዞላም መስጠት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። ነጥብ የሚሰጠው ባለሙያ መድኃኒቱ ሲሰጥ ክፍሉ ውስጥ የነበረ መሆን የለበትም። በመጨረሻም በሽተኛውን "የቱን የወሰድክ ይመስልሃል?" ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ ግድ ነው። በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት ደግሞ ለ40 ሕሙማን ኬታሚን ወይም ማነጻጸሪያውን ለቀዶ ሕክምና ተደንዝዘው ሳሉ ሰጠ። ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ ልዩነት ግን አልታየም። ማደንዘዣዎቹ ራሳቸው ድብርትን ሊያቀልሉ ስለሚችሉ፣ ይህ ብቻውን ኬታሚንን ከንቱ አያደርገውም።

የመነጠል ስሜቱን ለማስቀረት የታሰበው ራፓስቲኔል የተባለ ሌላ መድኃኒት በ2019 በመጨረሻው ምዕራፍ ሙከራዎች ከፕላሴቦ፣ መድኃኒት ከሌለበት ማነጻጸሪያ፣ አልበለጠም። በዚያው ዓመት አሜሪካ የፈቀደችው በአፍንጫ የሚነፋው የኬታሚን ዓይነት፣ ኤስኬታሚን፣ በአጭር ጊዜ ሙከራዎቹ በግልጽ የበለጠው በአንዱ ብቻ ነበር። ሌላው ዋና ማስረጃ የተሻላቸውን ሰዎች ከፊሎቹን ወደ ፕላሴቦ ያዛወረ ጥናት ነው። ሳምንታት ሙሉ ያንን ስሜት የለመደ ሰው ድንገት ሲጠፋበት ልብ አይልም ማለት ይከብደኛል። አዲስ ጥናት ሲወጣ መጀመሪያ የምፈልገው የሕሙማኑን ግምት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ የለም።